«ጫካ ልናይ ነው»

በእኛ አገር «ጫካ ልገባ ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ቻናል ተከታዮች አላስረዳም። በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ እናቴ ጋ ደውዬ «እኔና ባለቤቴ ጫካ ልንሄድ ነው» ስላት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ ይሄ በስልክ ይወራል?» አለችኝ። የኬንያና የኡጋንዳ ጫካ እንደሆነ፣ ጦጣና ወፍ ልናይ እንደሆነ፣ የምንሄደውም በገዛ ገንዘባችን እንደሆነ ስነግራት ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። «ጦጣ ለማየት? እንጦጦ ብትወጡ አይበቃችሁም?»

ገንዘቡ ከሰርጋችን የተረፈ ነው። ትልቅ ድግስ አንደግስም ብለን ቤተሰብ አስቀይመን ያተረፍነው 95 ሺህ ብር። ባለቤቴ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። እኔ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ማለትም ጽሑፌ ሲወጣ ይከፈለኛል፣ ሲዘገይ እበደራለሁ። ገንዘቡን ስናስቀምጥ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ከ1,600 ዶላር በላይ ነበረን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ለጉዞ ስንነሳ አንድ ዶላር ከ125 ብር አልፎ ነበር፤ የእኛም 95 ሺህ ብር 760 ዶላር አይሞላም። (ዶላሩን ከየት አገኛችሁት የምትሉ ተዉኝ፤ ይሄ ሌላ ጽሑፍ ነው።) አውሮፕላኑ ቀረ፣ ባሕር ዳርቻው ቀረ። አውቶቡስ፣ ርካሽ አልጋና ጫካ ቀሩልን። ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም። ለኡጋንዳ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር ከፈልን፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንንም አወጣን። ለ17 ቀን ለሁለት ሰው የተረፈው 660 ዶላር ነው።

ከብሩ መውረድ አንድ ነገር ተጠቅመናል፤ ስሌት ቀለለን። ድሮ አንድ ብር ከሁለት የኬንያ ሽልንግ በላይ ያወጣ ነበር። እኛ ስንሄድ አንድ ብር አንድ ሽልንግ ሆኗል። ባለቤቴ ወጪ የምትጽፍበት ትንሽ ደብተር ይዛለች፤ ሞያሌን ስንሻገር ሽልንጉን እንደ ብር መጻፍ ጀመረች፣ ቀጠለች።

ሞያሌ አንድ ከተማ ነው፤ ሁለት አገር ነው። ፓስፖርታችንን አስመትተን የኬንያ ሲም ካርድ ገዝተን ወደ ናይሮቢ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርን። ከኋላችን አንድ ልጅ ተቀመጠ። ከ18 ዓመት የሚበልጥ አይመስልም። ካናቴራ ለብሷል፤ በእጁ አንዲት ጥቁር ፌስታል። አማርኛ ስናወራ ሲሰማ ፊቱ በራ። ከሆሳዕና አካባቢ ነው። ባለቤቴን «እህቴ» ይላታል፣ እኔን «ጋሼ»። (ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ ትንሽ ከፍቶኛል።) ቆሎ አካፈለን። የት እንደሚሄድ አልጠየቅነውም፤ እሱ ግን ነገረን። አጎቱ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። ናይሮቢ የሚቀበለው ሰው አለ፤ ሰውዬውን አያውቀውም፣ ሰውዬው ግን ያውቀዋል ተብሏል። ስሙንም ነግሮናል፤ እዚህ አልጽፈውም።

ማርሳቢት ስንደርስ ብርድ ነበር። ከሞያሌ ጀምሮ ደረቅ ሜዳ ሲያዩ ቆይቶ በድንገት ጉም የለበሰ ተራራና ደን ይመጣል። ለባለቤቴ የጉዞው የመጀመሪያ ደስታ ይህ ነበር፤ ካርታ አውጥታ በበረሃ መካከል ደን እንዴት እንደሚኖር፣ ተራራው እርጥበቱን ከንፋሱ እንዴት እንደሚይዝ ታስረዳኝ ጀመር። ልጁ ከኋላ ይንቀጠቀጣል። ጃኬቴን አውልቃ ሰጠችው። እኔን አላስፈቀደችም። ከዚያ ስልኬን ለምኖ እናቱ ጋ ደወለ። በቋንቋቸው ነው ያወሩት፤ የገባኝ «ናይሮቢ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ላይ አንድ ኬላ አለ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ገባና መታወቂያ ማየት ጀመረ። እኛ ጋ ሲደርስ ፓስፖርታችንን ሰጠነው። በእንግሊዝኛ የት እንደምንሄድ ጠየቀን።

«ካካሜጋ» አልኩት።

«ካካሜጋ ምን አላችሁ?»

«ጫካ ልናይ ነው።»

ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። «ኢትዮጵያ ውስጥ ጫካ የለም?» አለኝ። የአልጋ ቦታ የያዝንበትን ወረቀት፣ የመመለሻ ቀናችንን፣ የጋብቻ ሰርተፊኬታችንን ጭምር አወጣሁ። ሰርተፊኬቱን የያዝነው ለመኝታ ክፍል ሲባል ነበር። ሰውዬው እሱን ገልጦ አየና «መልካም የጫጉላ ጊዜ» ብሎ አለፈን።

ልጁ ፓስፖርት የለውም። አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠ። በእንግሊዝኛ ተጠየቀ፣ በስዋሂሊ ተጠየቀ፣ ዝም አለ። ሰውዬው ወደ ተሳፋሪው ዞሮ «የዚህን ልጅ ቋንቋ የሚችል አለ?» አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ አማርኛ የሚችሉ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ይሄ ሰበብ አይሆነኝም። ባለቤቴ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ ነበር፤ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ምን እንዳየሁ አስታውሳለሁ፤ ሦስት ፍየሎች የተጣለ ካርቶን ይበላሉ። ልጁ ጃኬቴን እንደለበሰ ወረደ። አውቶቡሱ ተነሳ።

እስከ ናይሮቢ አላናገረችኝም። ኢስሊ ውስጥ በ1,400 ሽልንግ አልጋ ይዘን ሻንጣችንን ካስቀመጥን በኋላ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ «ዋሽ አላልኩህም። አስተርጉም ነው የተባልከው።» ደብተሯን አወጣች። የአውቶቡስ፣ የሻይ፣ የአልጋ ጻፈች። በመጨረሻው መስመር «ጃኬት፣ 1» ብላ የዋጋውን ቦታ ባዶ ተወችው።

ስለ ናይሮቢ ብዙ አልልም። ኢስሊ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ ቡናው አለ፣ እንጀራው አለ፣ ጥሪ የሚጠብቁ ወጣቶች የሞሉባቸው ቤቶች አሉ። እኔ እንኳ እዚያ ሰፈር ያለ ሁሉ ሰው የምን መንገደኛ እንደሆንን እየገመተ የሚያየን መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን ማታቱ ይዘን ካሩራ ደን ሄድን። ከተማው መሃል ያለ 1,000 ሄክታር ገደማ ደን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለግል አልሚዎች ተቆራርሶ ሊሰጥ ሲል ዋንጋሪ ማታይ ሴቶችን አስከትላ ችግኝ ልትተክል መጣች፤ ጥር 1999 ላይ ጭንቅላቷን ተፈነከተች። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘች። ዛሬ ሰዉ በዚያው ደን ውስጥ ይሮጣል፣ ውሻውን ያንሸራሽራል።

መግቢያው ላይ የዋጋ ሰሌዳ አለ፤ ለዜጋ፣ ለነዋሪ፣ ለውጭ አገር ሰው። የውጭ አገር ሰው ማለት እኛና ጀርመኑ ነን፤ በአንድ መስመር ተቀምጠናል። ለዜጋ መቀነሱን አልቃወምም፤ እኛም አገር ለውጭ ሰው የምናስከፍለው ሌላ ነው። ነገሩ ሌላ ነው። ለትኬት ሻጩ እንደ ጀርመኑ ሀብታም ነኝ፤ ለኬላው ሰው እንደ ልጁ ተጠርጣሪ። በአንድ ፓስፖርት ሁለቱንም ነኝ። ትኬቱን ስንቆርጥ ባለቤቴ «ዛሬ ምሳ ቀረ» አለች። ከሞያሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳቅን፤ ሙሉ ሳቅ ግን አልነበረም።

ካካሜጋ ግን ሌላ ነው።

ከናይሮቢ ሙሉ ቀን ተጉዘን በማግስቱ ጠዋት ከደኑ አስጎብኚዎች አንዱን አግኝተን ገባን። የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ የወፎቹን ድምፅ በአፉ ያወጣል፣ ወፎቹም ይመልሱለታል። ደኑ በአንድ ወቅት ከኮንጎ ተነስቶ ኡጋንዳን አቋርጦ እስከዚህ ይዘልቅ የነበረው ዝናብ ደን ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። መሃሉ በእርሻና በከተማ ተበልቶ ይህ ብቻውን ቀርቷል። ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ነገር የለም፤ ትሰማላችሁ። ጆሯችሁ ይሞላል፣ ከላይ የሆነ ነገር ይወድቃል፣ ከታች ጉንዳን ይሰለፋል። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው። ልብስ በግማሽ ሰዓት ይረጥባል፤ ዝናብ ሆኖ አይደለም፣ አየሩ ራሱ ውሃ ነው።

ባለቤቴ ተለወጠች። ስድስት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣለችውን የደን እርከን አንገቷን አቅንታ አየችው። አስጎብኚው ትላልቅ ዛፎችን በሳይንሳዊ ስማቸው ይጠራል፤ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች። እሱ ፕሩነስ አፍሪካና ይላል፣ እሷ ጥቁር እንጨት። እሱ ክሮቶን ይላል፣ እሷ ብሳና። እሱ ኮርዲያ፣ እሷ ዋንዛ። የጥቁር እንጨቱ ግንድ አንድ ጎኑ ተልጦ ቆስሏል። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚሆን ወደ አውሮፓ ይሸጣል፤ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ቆሞ ይሞታል አለን። ባለቤቴ ቁስሉን በመዳፏ ዳሰሰች።

ከዚያ ከላይ ጥቁርና ነጭ ነገር ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ተወረወረ። ነጭ ካባው ከኋላው ይበተናል። «ጉሬዛ ኮሎበስ!» አለ አስጎብኚው። ባለቤቴ «ምን አልክ?» አለችው። ደገመላት። ጉሬዛ የእኛ ቃል እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ ሰው እንስሳውን እንዲህ እንደሚጠራው፣ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ አጥኚ በ1835 ሳይንሳዊ ስሙን ከዚያ ወስዶ እንዳወጣለት ነገረችው። ልጁ ተደነቀ። «እኔ የላቲን ቃል ይመስለኝ ነበር!» አለ። የቀኑን ግማሽ እየተከተለ አማርኛ አስጠናችው፤ በመጨረሻ ለአገልግሎቱ ከተስማማነው 300 ሽልንግ ቀነሰልን። በደብተሩ ላይ «ለጉሬዛ ቅናሽ» ተብሎ ተጽፏል።

ማታ ዝናብ መጣ። ያረፍንባት ጎጆ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። እንግዲህ እየጮኽን ተነጋገርን።

እኔ ያልኩት ይህ ነው። እነዚያ ልጆች ብቻቸውን አይሄዱም፤ ደላላ አብሯቸው ይሳፈራል፣ እንግሊዝኛ የሚችለውም እሱ ነው። «እኔ አውቀዋለሁ» ብዬ ብነሳ፣ ጃኬቴን ለብሶ፣ በስልኬ ደውሎ፣ እኔ ምን እመስላለሁ? የጋብቻ ሰርተፊኬት ያድነኛል? ባለቤቴ አደመጠችኝ። «እውነት ነው» አለች። «ግን ይህን ሁሉ ያሰብከው አሁን ነው። ያን ጊዜ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ነው ያሰብከው።»

ይህን የማትክዱት ዓይነት እውነት የምትነግር ሰው ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ደቡቡ መንገድ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። መጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴነር 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ሲገኙ ያን ሳምንት ሙሉ ስለ እነሱ ስጽፍ ነው የሰነበትኩት፤ ጽሑፉ በብዙ ሰው ተጋርቶ ነበር። «ልጆቻችን» እያልኩ ጽፌያለሁ። ከልጆቹ አንዱ ከኋላዬ ተቀምጦ ቆሎ ሲሰጠኝ፣ ከእኔ የተፈለገው «ስሙ እንዲህ ነው፣ ዕድሜው ይሄ ነው፣ ቤተሰቡ እዚህ ነው» ብሎ ማስተርጎም ብቻ ነበር። ምናልባት ምንም አይለውጥም ነበር። ምናልባትም ስሙ በትክክል ይጻፍ ነበር።

የኬላው ሰው ጥያቄም አልለቀቀኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ ጫካ የለም? ባለቤቴ የከፋን ደን ታስተምራለች፤ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበውን፣ ቡና ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበትን። በ2012 የሸካ ተከተለ። ካካሜጋ ለመድረስ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘናል፤ ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አንዳችንም አናውቀውም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ መንገዱ እላችኋለሁ፣ ጸጥታው እላችኋለሁ፤ ከፊሉ እውነት ነው። የቀረው ግን ወደ ቦንጋ መሄድን እንደ ጉዞ አለመቁጠራችን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ወደ ክፍለ ሀገር የሚኬደው ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወይም ለወርክሾፕ ነው።

ቡሲያን ተሻግረን ኡጋንዳ ገባን። ከጂንጃ ወደ ካምፓላ ያለው መንገድ የማቢራን ደን ሰንጥቆ ያልፋል። በ2007 ከደኑ ሰፊ ክፍል ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ሊሰጥ ነው ሲባል የካምፓላ ሰው አደባባይ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ ዕቅዱም ቆመ። ዛሬ በመኪና መስኮት በግራም በቀኝም ቆሞ ታዩታላችሁ። ደኑ መካከል ታክሲው ቆም ሲል ነጋዴዎች የዶሮ ጥብስ በእንጨት ሰክተው፣ ጎንጃ የሚሉትን የተጠበሰ ሙዝ ይዘው መስኮቱን ይከቡታል። ሁለት ጎንጃ በልተን ምሳችንን ጨረስን። ሰው የሞተለት ደን ውስጥ ሙዝ እየበላሁ እንደነበር የገባኝ ካምፓላ ከደረስን በኋላ ነው።

ካምፓላ ትሞቃለች፣ ትጮኻለች፣ ኮረብታዋ አያልቅም። ቦዳ ቦዳ ላይ ሦስት ሆነን (ሹፌሩን ጨምሮ) ስንወጣና ስንወርድ ባለቤቴ ከመሃል ሆና ዓይኗን ትጨፍናለች። ሮሌክስ በሉ፤ ሰዓቱን ማለቴ አይደለም፣ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ስንበላ ደብተሩ ላይ እንኳ አይታይም ነበር። አንድ ምሽት እንጀራ ናፈቀንና ካባላጋላ ወጣን፤ የእኛና የኤርትራ ሰው ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። አስተናጋጇ ሽሮ አቅርባልን እንደ እህት አጠገባችን ተቀመጠች። «ተመዝግባችኋል?» አለችን። ለስደተኝነት ማለቷ ነው። ለሽርሽር እንደመጣን ስንነግራት ቀልድ መሰላት። ደጋግማ ጠየቀችን። በመጨረሻ «እውነታችሁን ነው?» ብላ ባለቤቴን አቀፈቻት፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ሌሎቹን ሴቶች ጠርታ «ኑ እዩ፣ ለመዝናናት የመጡ ሰዎች ናቸው» አለች። አራት ሆነው በሩ ላይ ቆመው አዩን። የሽሮውን ሒሳብ አልተቀበሉንም።

የመልሱን መንገድ አላስረዝመውም። ገንዘቡ አልቆ ነበር፤ ከናይሮቢ ሞያሌ ውሃና ዳቦ ይዘን ተሳፈርን። እዚያው ኬላ ስንደርስ ባለቤቴ ሳትጠየቅ ወረደች። እኔም ተከተልኳት። ሰውዬው ሌላ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለወረደ ልጅ ጠየቀችው፤ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ፣ ቀጭን። ሰውዬው በትዕግሥት አዳመጣትና «እማማ፣ ብዙ ናቸው» አለ። እማማ ያላት ለአክብሮት ነው።

የልጁ እናት ስልክ ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ሦስት ቀን አየሁት። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ «ወይ አንተ ደውል ወይ እኔ» አለች። ደወልኩ።

ሁለቴ ሳይጠራ ተነሳ። «እገሌ ጋ ደውዬ ነው? ከናይሮቢ መንገድ…» ከማለቴ ሴትየዋ በተሰባበረ አማርኛ ጮኸው ማልቀስ ጀመሩ። «እያሟላን ነው ጌታዬ፣ እያሟላን ነው። በሬውን ሸጠናል። ሰኞ እንልካለን። ልጄን አትምቱብኝ።»

ቃል አልወጣኝም። ባለቤቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። ማን እንደሆንን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ገንዘብ አንፈልግም፣ የት እንዳለ አናውቅም፣ በአውቶቡስ አብረነው የነበርን መንገደኞች ነን አለቻቸው። ምን መንገደኞች ብለው ጠየቁ። «ጫካ ልናይ ሄደን» አለች፤ ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሴትየዋ ያን ቀን ልጃቸው የሚሞቅ ልብስ ለብሶ እንደነበር ጠየቋት።

«ለብሶ ነበር እናቴ» አለቻቸው። «ጃኬት ለብሶ ነበር።»